ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ጎባ ውስጥ ከቀድሞ ዘመን ከተረፉት የመንግሥት ቤቶች አንዱን ተረክባችሁ ወጣቱም ሽማግሌውም የሚገናኝበት፣ የሚነበብበት፣ ሙያ የሚለመድበት የሕዝብ ቤት ልታደርጉት እንደምታስቡ ነግራችሁኛል። ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ምክር ስለጠየቃችሁኝም ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት በሆነችበት በ1952 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫዋ ጎባ ነበረች። አቤት ባዩ ከደሎም፣ ከጊኒርም፣ ከዶዶላም መጥቶ የሚቆመው እዚህ ደጅ ነበር። ኋላ መቀመጫው ወደ ሮቤ ወረደ። ሮቤ ሩቅ አይደለችም፤ የሻያን ወንዝ ተሻግሮ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን ቢሮ ሲሄድ ዘበኛው ይሄዳል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ትሄዳለች፤ ጣራው ሲያፈስ «ኧረ ይጠገን» ብሎ የሚጮኸውም ሰው አብሮ ይሄዳል። ሰው የተለየው ቤት ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መጀመሪያ መስኮቱ ይወልቃል፣ ቀጥሎ አሸንዳው፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው።

እኔ በዕድሜዬ የተረዳሁት፣ አሮጌ ቤትን ከአጥር ይልቅ የሚጠብቀው «የእኔ ነው» የሚለው ሰው ብዛት መሆኑን ነው። ስለዚህ ሰውን ሁሉ ማስገባትና ቅርሱን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይምሰሏችሁ። አንዲት እናት፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ የገጠር ሽማግሌ «ያ ቤት የእነ እገሌ ነው» ብለው ባለፉ ቁጥር ቤቱ አንድ ጠባቂ አጣ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ፣ ስለ ድስትም ሆነ ስለ ጭቃ፣ ከዚሁ ነገር የሚመነጭ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በዛንዚባር የባሕር ዳርቻ፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ሁለት ስመ ጥር ቤቶች ነበሩ። አንደኛውን፣ ቤተ አል አጃይብ የሚባለውን፣ ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 እ.ኤ.አ. አሠሩት። በ2012 እ.ኤ.አ. የሰገነቱ አንድ ወገን ወድቆ ለሕዝብ ተዘጋ። ቤቱ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ እድሳት ላይ ሳለ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ትልቁ ክፍሉ ተናደ፤ ሁለት ሰዎችም ሞቱ። ሁለተኛው ድሮ ሕክምና ይሰጥበት የነበረ፣ በረንዳው በእንጨት ቅርጽ ያማረ ቤት ነው። እሱ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ታድሶ የባህል ማዕከል ተደረገ፤ ቆሞም ቀረ። ለአንድ ቤት መፍረስ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመሐንዲስን ሥራ በአንድ ቃል አልፈርድበትም። ነገር ግን በየቀኑ ሰው የሚገባበት ቤት ስንጥቁ ቶሎ ይታያል፤ የተዘጋ ቤት ስንጥቅ የሚታየው ግድግዳው ሲወድቅ ነው።

ከግድግዳው በፊት ግን ትዝታውን አስቡበት። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ውሰዱ።

የድሮ መንግሥት ቤት ለሁሉም አንድ ዓይነት ትዝታ የለውም። ለአንዱ አባቱ ጸሐፊ ሆኖ ደመወዝ የበላበት ነው፤ ለሌላው አባቱ ግብር አጎደልክ ተብሎ ፀሐይ ላይ የዋለበት ደጅ ሊሆን ይችላል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. እነ ጄኔራል ዋቆ ጉቱ የመሩት የባሌ ገበሬ አመፅ የተነሣው በመሬት፣ በግብርና በአስተዳደር በደል ነበር። ያን ዘመን ያዩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ግድግዳው ላይ የገዢዎቹን ፎቶ ብቻ ብትሰቅሉ ግማሹ አገር ከደጅ ይመለሳል። ያመፁትን ብቻ ብትሰቅሉም ሌላው ግማሽ እንደዚያው። ሁለቱንም ስቀሉ። ከሥሩም የማንንም ስም ሳታጎድፉ፣ የሆነውን በአጭሩ ጻፉ።

ይህ የሚሆን ነገር ለመሆኑ አዲስ አበባ ምስክር ናት። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታላላቅ ሹማምንት ተረሽነዋል። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ያንን ቤት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት፣ ከየክፍለ አገሩ የመጣ ተማሪ የሚመላለስበት ግቢ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ቤት ለጎብኚ ይታያል። ደም የፈሰሰበትን ቤት አላፈረሱትም፤ እንዳልተፈጸመም አልካዱም። ትውልድ አስገቡበት።

የምትሰቅሉትን ከየት ታገኛላችሁ ትሉኝ ይሆናል። ሐረር ሂዱና የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም እዩ። እሳቸው የጀመሩት በገዛ ቤታቸው ነው፤ የሐረር ሰው በየሣጥኑ የደበቀውን መጽሐፍ፣ ጌጥና ልብስ እየለመኑ ሰበሰቡ። በኋላ ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው አሮጌ ሕንፃ ገባ፤ ቤቱም ስብስቡም አብረው ከበሩ። እናንተም በየቤቱ ያለውን ፎቶ፣ ሲንቄ፣ ጮጮ፣ የቁርኣን ሰሌዳ፣ የድጓ መጽሐፍ ጠይቁ። ፎቶውን ገልብጣችሁ ዋናውን መልሱ። ዕቃ ከተቀበላችሁ በወረቀት ላይ ከነመልኩ ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ተቀበሉ። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው። የአንዲት አሮጊት ጮጮ ቢጠፋባችሁ ወሬው እስከ ዲንሾ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ዕቃውን አምኖ አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ ማጀቱ ልግባ። ስብሰባ ላይ ማንም የማያነሣው፣ ሰውን ግን ከሁሉ በላይ የሚለያየው እሱ ነውና።

ባሌ ውስጥ ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱና ጴንጤው አብሮ ያርሳል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ በሠርግ ይጠራራል። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የራሱ ባራኪ አለው። ወላጆቻችን ይህን በብልሃት ይዘውት ኖረዋል፤ ድግስ ሲኖር ሙስሊሙ ጎረቤት የራሱን ከብት የራሱ ሰው ያርድለታል፣ በራሱ ድስት ይሠራለታል፣ ማንም ቅር አይለውም። የእናንተ ቤት ግን የአንድ ሰው ድግስ አይደለም፤ ዕለት ዕለት ሰው የሚበላበት ነው። አንድ ድስት አንድ ቀን ቢደባለቅ፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ፣ ግማሹ ሰው ምግባችሁን መብላት ይተዋል። ይህ ዝምታ ከጠብ የከፋ ነው፤ ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ይልካሉ።

ስለዚህ እኔ የምመክራችሁ፣ የማዕከሉ ወጥ ቤት ሥጋ አይግባበት። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ጎመን፤ እነዚህ የማንንም ኅሊና አይነኩም፤ በረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ይበላሉ። ጭኮ የአገራችን ክብር ነው፤ ግን ቅቤ አለበትና በጾም ቀን የማይበላው ሰው እንዳለ አትርሱ፤ ለበዓል አቆዩት። ቡናውን ከሐረና አስመጡ፤ ዛሬ ቡና ላይ ሰው ብዙም አይለያይም። አዳራሹን ለሠርግ የሚከራይ ሰው ሥጋውን በግቢው በራሱ ሰው፣ በራሱ ድስት፣ በራሱ ቢላዋ ይሥራ፤ ይህም በኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ። በረመዳን ቀን የምሳ ስብሰባ አትጥሩ፤ ወደ ማታ አድርጉት፣ ማፍጠሪያው ሲደርስም ቴምሩን ክርስቲያኑ ያቅርብ። አልኮል፣ ጫትና ሲጋራ ከነጭራሹ አይግቡ። ይህን የምለው ሰውን ለመኮነን አይደለም። ጠላ የሚጠመቅበት፣ ጫት የሚቃምበት ቤት ነው ከተባለ ሴት ልጁን ልኮ ማስጠናት የሚፈልግ አባት አይልክም፤ እናንተ ደግሞ ልጅቱን ካጣችሁ ቤቱን ለማን ከፈታችሁት?

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት ትልቅ አዳራሽ አይጠየፍ ይባላል፤ መኳንንቱም ድሃውም ግብር የሚበላበት ነበር። የዚያ ዘመን ሰው አቃፊነትን ያወቀው በእንጀራ ነው። እናንተም በዚያው ጀምሩ።

ከማጀቱ ወደ ደጁ። የድሮ ቤት መሠረቱ ከፍ ይላል፤ ውሃ እንዳይገባው። ሦስት ደረጃ ብቻ ቢኖረው፣ እያንዳንዱም 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእናንተ ምንም አይደለም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ተራራ ነው። መሐንዲሶች የሚቀበሉት ተዳፋት 1 ለ 12 ነው፤ ለ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። ግቢያችሁ ይበቃል፤ ለኩት። የድንጋዩን ደረጃ ግን አትስበሩት፤ በላዩ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲያስፈልግ የሚነሣ የእንጨት መወጣጫ ከነመደገፊያው አሠሩ። ያውም በዋናው በር በኩል ይሁን። ሰውን በጓሮ አስገብታችሁ «አስገብተናል» አትበሉ። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው የሕንፃ አዋጁ ያዛል፤ እናንተ ግን አዋጁን ሳይሆን ሰውየውን እያሰባችሁ ሥሩት። የደረጃውን ጠርዝ ነጭ ቀለም ቀቡት፤ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ የሚወድቀው ጠርዙ ስለማይለይለት ነው። መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ለትልልቅ ስብሰባዎች ጥሩ፤ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ደጃችሁ ነው፣ በጎ ፈቃደኛ ጠይቁ።

መጸዳጃ ቤቱ የሴትና የወንድ ለየብቻ ይሁን፣ ከውስጥ ይቆለፍ፣ መንገዱ መብራት ይኑረው። ይህን ሳታደርጉ «ሴቶች ለምን አይመጡም» ብላችሁ ስብሰባ አትጥሩ። ሕፃን ይዛ የምትመጣ እናት የምትቀመጥበት ሞቅ ያለ ጥግም አዘጋጁ፤ የጎባ ብርድ ለሕፃን አይምርም።

በደጁ ላይ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ ፊደሉም እኩል። በስብሰባ ሰው በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፣ ጎኑ ያለው ያስተርጉም፤ ባሌ ውስጥ አስተርጓሚ አይጠፋም። ጊዜ ይወስዳል፤ ይውሰድ።

አሁን ወደ ጣራው። ሰው ሁሉ ቀለም ይወዳል፤ ቀለም ለፎቶ ጥሩ ነው። እናንተ ግን ከቀለም በፊት ጣራ፣ ከጣራ ጋር አሸንዳ፣ ከአሸንዳ ጋር የውሃ መውረጃ ቦይ። ባሌ ዝናቡ ሁለት ነው፤ ገበሬው «ገና» የሚለው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ «ቦና» የሚለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ። ለጣራ ሥራ የሚተርፋችሁ ጥርና የካቲት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በእነዚያ ወራት ቆርቆሮውን አንሡ፣ ወራጁንና ማገሩን መርምሩ፣ የበሰበሰውን ጥድ በጥድ ተኩ። በሌላው ጊዜ የፈታችሁት ጣራ ዝናብ ያስገባል፣ የጭቃ ግድግዳም ውሃ ከጠጣ ወዲያ አይመለስም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንድ የላላ ምስማር ዛሬ ቢመታ ነገ ግድግዳ ያድናል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፤ ጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ አትለስኑ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነውና ይሻላል የሚል ግንበኛ ይመጣባችኋል። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲታፈን እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ ግን ግድግዳው ያማረ ይመስላል። ምርጊቱ በጭቃና በገብስ ጭድ፣ ተቦክቶ ሰንብቶ ይሁን፤ የድንጋዩ መጋጠሚያ በኖራ። ይህን ሥራ የሚያውቁ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ሳይሞቱ ጠርታችሁ ከወጣቶቹ ጋር አሠሯቸው፤ ደቦ ጥሩ። ቤቱን በእጁ የመረገ ልጅ በድንጋይ አይመታውም። ደግሞም ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳታገኙ ጥገና አትጀምሩ። ፈቃዱ ቢዘገይባችሁም ታገሡ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እሳት ከሁሉ ያስፈራኛል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተቃጠለ፤ የእንጨት ወለሉና ጣራው ለእሳት ቀለብ ሆነ፣ ሙዚቃ ይሰማበት የነበረው ጃዝአምባም አብሮ ወደመ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አዘነ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእናንተ ቤት ሽቦ ከዕድሜው ጋር ያረጀ ነውና ምጣድና ማሞቂያ ከመሰካታችሁ በፊት በሙያተኛ አስለውጡት። ሁለት በሮች ሁልጊዜ ከውስጥ በቀላሉ የሚከፈቱ ይሁኑ። ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ በተዘጋ አዳራሽ አታስገቡ፤ ቃጠሎውን ብታመልጡት የማይታየው የከሰሉ ጋዝ ተኝታችሁ ያስቀራችኋል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፣ ዕድራችንን፣ አፎሻውን፣ ታውቁታላችሁ። ዳኛው ይለወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው፣ ጸሐፊው ሌላ፤ ሒሳቡ በአባል ሁሉ ፊት ይነበባል። ያንኑ ሥርዓት ወደዚህ ቤት አምጡት። ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ ደጁ ላይ ይለጠፍ፣ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይግባ። ለሠርግና ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ ጥሩ ኪራይ አስከፍሉ፤ በዚያ ኪራይ ተማሪው በነጻ ያንብብ፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር በነጻ ይሰብሰብ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ወደ ሳነቴና ወደ ሶፍ ዑመር የሚያልፍ እንግዳ ይጎበኛችሁ ይሆናል፤ ቡና ሽጡለት፣ የሐረና ማር ሽጡለት። በእንግዳ ላይ ብቻ ግን አትደገፉ፤ መንገድ ሲከፋ እንግዳ ይጠፋል፣ ጣራው ግን ያፈሳል።

ለጋሽ ድርጅት ቢመጣ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ውሉን ማታ ሳይሆን ቀን አንብቡ። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንዳይሆን። ሦስት ዓመት ደመወዝ ከፍሎ የሚሄድ ድርጅት ለአራተኛው ዓመት ዘበኛ አይተውላችሁም፤ የሚከፍለውን ለጣራና ለሽቦ አውሉት፣ ደመወዙን ከኪራይ ቻሉት። ቤቱን የሚሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ማንም ይሁን ማን፣ ስንት ዓመት እንደምትይዙት፣ ጥገናው የማን እንደሆነ፣ ሹም ቢለወጥ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር፣ ማኅተም ይረፍበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚህ ላይ ወረቀቱን ሁኑ። ፓርቲም፣ ሃይማኖትም፣ ጎሣም በቤቱ አዳራሽ ተከራይቶ ሊሰበሰብ ይችላል፤ ባንዲራውን ሰቅሎ ሊሄድ ግን አይፈቀድለትም።

ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይቅር። አንዱ ከወጣቶቹ፣ አንዱ ከሴቶቹ፣ አንዱ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ ይሁን፤ ሁሉም ለመክፈት ይችሉ፣ የከፈተ ግን በመዝገብ ይፈርም።

የመጀመሪያውን ስብሰባ ዓርብ ቀትር ላይ ወይም እሑድ ጠዋት አትጥሩ፤ በገበያ ቀንም አይሁን። ከሮቤም ከጎባም፣ በከተማው ዙሪያ ካለው ገበሬም ጥሩ። ዓይነ ስውሩን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አምጡት፤ ደብዳቤ ልካችሁ አትጠብቁት። ሰዉ ሲቀመጥ እናንተ ዕቅዳችሁን አታንብቡ። ተራ በተራ «እዚህ ቤት እንዳትመጡ የሚያደርጋችሁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን አንድም ሳታስቀሩ በትልቅ ወረቀት ጻፉት፤ ሴቶቹም ከወንዶቹ በፊት ይናገሩ። ያ ወረቀት የመጀመሪያ ዓመት ሥራችሁ ዝርዝር ነው። እኔንም ጥሩኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም፣ መወጣጫውን ግን በመጀመሪያ እፈትንላችኋለሁ።